ማሚቶ የምትቆምበት ቦታ

በእኛ ክፍል መልስ የመለሰ ልጅ ወዲያው አይቀመጥም ነበር። መጀመሪያ እጁን ያወጣል፤ አስተማሪያችን የነበረችው እናቴ ፊቱን እስክታየው ይጠብቃል፤ ከዚያ ተነስቶ ይመልሳል። ከመለሰም በኋላ ሁለተኛዋ አስተማሪያችን ማሚቶ መልሱን ከኋላ ሆና እስክትደግመው ድረስ እንደቆመ ይቆያል። "ውሃው ተኖ ወደ ላይ ወጣ ነው የሚለው" ትላለች ማሚቶ፣ ቃሉን አንድ በአንድ እያስቀመጠች። ያን ጊዜ እናቴ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ "ትክክል፤ ተቀመጥ" ትለዋለች። ወንበራችን በግማሽ ክብ ይደረደራል፤ አስተማሪ ሰሌዳ ላይ እየጻፈ ሳለ ደግሞ ማንም ትንፍሽ አይልም። ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ የሚሰጠን መልስ አንድ ነበር፤ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ነው።

እኛም አመንን። ሰባተኛ ክፍል ስንገባ የተለወጠው ነገር ብዙ ስለነበር ማመን አልከበደንም። ድሮ አንዱ አስተማሪ ሲወጣ ሌላው ይገባ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ሁለት አስተማሪ በአንድ ክፍል፣ ሁለት ትምህርት በአንድ ምዕራፍ ተባለና ሳይንስና ቋንቋ ተጋቡ። ምዕራፋችን ውሃ ነበር። የሳይንስ አስተማሪዋ እናቴ ውሃ አፍልታ እንፋሎቱን በመስታወት ላይ ታሳየናለች፤ የቋንቋ አስተማሪዋ ማሚቶ ያየነውን በራሳችን ቃል ታጽፈናለች። የሌሎቹ ክፍሎች ጥንዶች ወር ሳይሞላቸው ተሰለቻችተው ተራ በተራ መግባት ጀምረው ነበር፤ አንዷ ስታስተምር ሌላዋ ማረፊያ ክፍል ቁጭ ብላ ሻይ ትጠጣለች። የእኛዎቹ ግን አንድም ቀን ሳይነጣጠሉ ቀጠሉ።

ማሚቶ ስሟ አልነበረም። የኋላ ወንበር ልጆች ናቸው የገደል ማሚቶ ብለው ያወጡላት፤ የተባለውን ሁሉ ስለምትደግም። አጭር፣ ወፍራም፣ ድምፀ ጎርናና ሴት ነበረች። ስሙን ስትሰማ ሆዷን ይዛ ሳቀች አሉ። እኔ ግን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ ጥርሴ ውስጥ ገብታለች። እኔ እናቴን ክፍል ውስጥ እማዬ ማለት አልችልም፤ ቲቸር ነው የምላት፣ እንደማንኛውም ልጅ። እሷ ግን ከኋላ ቆማ እናቴን በጣቷ ነበር የምታዛት። ማሚቶ ጉሮሮዋን ነካ ስታደርግ እናቴ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች፤ ደረቷን ስትነካ ዝቅ ታደርጋለች። ይሄን ያየሁት እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ደሜ ይፈላ ነበር። የሠላሳ ልጅ አስተማሪ እንዴት በሌላ ሰው ጣት ትታዘዛለች? ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታየኝ፤ ይቺ ሴትዮ ቀስ በቀስ የእናቴን ክፍል ልትቀማት ነው።

ዛሬ መተዳደሪያዬ ሥርዓተ ትምህርት ነው። ለመካከለኛ ክፍሎች ምዕራፍ እንቀርፃለን፣ እንከራከራለን፣ እንደገና እንቀርፃለን። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን ስለ ጥንድ ማስተማር ስብሰባ ላይ ቁጭ ብለን፣ መልስ የሚደገመው ለየትኛው ዓላማ እንደነበር አንጋፋውን ባለሙያ ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አውርደው አዩኝና እንዲህ ያለ ነገር ኖሮ እንደማያውቅ ነገሩኝ። ወንበሩን በግማሽ ክብ መደርደርም፣ ፊት እስኪታይ መጠበቅም፣ ሰሌዳ ሲጻፍ ዝም ማለትም የማንም ሥርዓተ ትምህርት አልነበረም። ሁለት ሴቶች የእኛ ቤት ምግብ ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለው የፈጠሩት ነው።

እናቴን ጆሮዋ እየከዳት ነበር። በዚያ ዓመት መጀመሪያ ላይ አንደኛው ጭርሱን ሄዷል፣ ሁለተኛውም በመንገድ ላይ ነበር። ያኔ የማይሰማ አስተማሪ ክፍል አይገባም፤ ከታወቀባት በማግስቱ ከሰሌዳው ፊት ትነሳለች። ለእናቴ ደግሞ ከዚያ ሰሌዳ ፊት መነሳት ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቤት ውስጥ ዝምተኛ ሴት ነበረች፤ ጠመኔ ስትይዝ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች፣ ፊቷ ይበራል፣ ትቀልዳለች፣ እጅጌዋ በጠመኔ አቧራ ነጭ እስኪሆን ታስተምራለች። አንድ ዓመት፣ ቢቻል ሁለት ዓመት እዚያ ለመቆየት ነበር ያ ሁሉ ሥርዓት።

እኔ ይሄን አላውቅም። የማውቀው እናቴ እንደተወችኝ ነው። ልብስ ስትተኩስ ከጀርባዋ ቆሜ የቀኑን ወሬ ሁሉ እዘረግፍላታለሁ፤ ማን ከማን እንደተጣላ፣ ማን እንደገለበጠ፣ የሒሳብ ውጤቴ ስንት እንደሆነ። ጆሮ ዳባ ልበስ። ካውያው ወደፊት ይሄዳል፣ ወደኋላ ይመለሳል፣ እሷ ዞር አትልም። አንዳንዴ ወሬዬን መሀል ላይ አቁሜ ትጠይቀኝ እንደሆነ እጠብቃለሁ። አትጠይቀኝም። ሆድ ይብሰኝና ወደ ክፍሌ እገባለሁ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ ማሚቶ ትመጣለች፣ የሳምንቱን ትምህርት አብረው ሊያዘጋጁ። በሩ ገርበብ ይላል። አንድ ቀን በስንጥቁ ሳይ ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፣ ጉልበታቸው ሊነካካ ምንም አልቀረውም። ማሚቶ አፏ ይንቀሳቀሳል እንጂ ድምፅ የለም። እናቴ አፏ አፏን እያየች ትሰማለች፤ ትመልስላታለች፤ ማሚቶ ራሷን ነቅንቃ እንደገና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ከዚያ እናቴ ምን እንደተባለች እንጃ፣ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። እኔን አይታ እንደዚያ ስቃ አታውቅም። እኔ እንዳልሰማ ድምፅ አጥፍተው እንደሚያወሩ ገባኝ። ምን ቢያወሩ ነው ብዬ ቀኑን ሙሉ ምግብ አልበላ አለኝ። ልምምድ ላይ እንደነበሩ፣ "ተነነ" እና "ተነሳ" ሲባል ከንፈር ላይ እንዴት እንደሚለዩ እየተማሩ እንደነበር፣ ያ ሳቅም የተሳሳተ ተማሪ ሳቅ እንደነበር ማሚቶ የነገረችኝ ካረጀች በኋላ ነው።

ከእኛ ጋር የምትኖረው የእናቴ ታላቅ እህት ድምፅዋ ከፍ ያለ ስለነበር ጎረቤቱ ጥሩምባ ይላታል። እኔም ጯሂ፣ ነገረኛ ሴት ትመስለኝ ነበር። ማታ ኩሽና ውስጥ እናቴን የምትቆጣት መስሎኝ ነው የምሰማት።

"ዛሬም አብራሽ ገባች?"

"ገባች።"

"እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆኑት?"

"እሷ እስከቻለች።"

ሰሃን ተንኳኳ። አክስቴ የሆነ ቀን መነቃቱ እንደማይቀር ነገረቻት፤ እናቴ ከዓመቱ መጨረሻ በፊት እንዳይሆን ብቻ ነው የምለምነው አለች። ለእኔ ይሄ ከበቂ በላይ ማስረጃ ነበር። ማሚቶ እስከቻለች ድረስ ክፍሉ ውስጥ ትቆያለች፤ ከቻለችም ትወስደዋለች። እናቴ ደግሞ አውቃ ዝም ብላለች። እንደዚያ ገራገር መሆኗ አናደደኝ።

ከትምህርት ቢሮ ሱፐርቫይዘሩ የመጣው ሳይታሰብ ነው። ረዥም፣ ኮቱ የሰፋው፣ ሲራመድ ጫማው የማይሰማ ሰው ነበር። በዚያው ጠዋት የስምንተኛ ክፍል የቋንቋ አስተማሪ ታመው ቀሩና ርዕሰ መምህሩ በራችን ላይ መጥተው ማሚቶን ለዚያ ክፍል ፈለጓት። ማሚቶ እምቢ አለች። ምዕራፉን አብረን ነው የምናስተምረው፣ ሌላ ሰው ይላክ ብላ ተከራከረች። ርዕሰ መምህሩ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው፣ እንግዳው በአጥር ውስጥ እያለ ክፍል ባዶ መሆን የለበትም አሏት። ማሚቶ ወደ እናቴ አየች። እናቴ ሂጂ ብላ በእጇ ምልክት ሰጠቻት። ማሚቶ ከመውጣቷ በፊት ወደ እኛ ዞራ "ሥርዓታችሁን እንዳትረሱ" አለች፤ ፊቷ ልክ አልነበረም።

እኔ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። እናቴ ለብቻዋ፣ በራሷ ክፍል፣ ያውም ሱፐርቫይዘር ፊት። ሰውየው ገብቶ ከኋላ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጠ። እናቴ ውሃውን አፈላች፣ መስታወቱን ደገነች፣ ጠብታዎቹ ሲወርዱ ምን እንዳየን ጠየቀች። ሸምበቆ የምንለው የክፍል አለቃችን እጁን አወጣ፣ ጠበቀ፣ ተነሳ፣ መለሰ። ከዚያም ደጋሚ ጠፍቶ እንደቆመ ቀረ። እናቴ ወደ ማሚቶ ቦታ አየች፤ ከመስኮቱ ጎን፣ ብርሃን ፊት ላይ የሚያርፍበት ቦታ፤ ማንም የለበትም።

ምን እንደገፋፋኝ አላውቅም፤ ብቻ ተነስቼ ሄድኩና እዚያ ቆምኩ። ማሚቶ የምትሠራውን እኔም እሠራዋለሁ፣ ምን የሚከብድ ነገር አለው የሚል ነበር ሐሳቤ። "እንፋሎቱ መስታወቱን ሲነካ ቀዝቅዞ ውሃ ሆነ ነው የሚለው" አልኩ፣ እንደ እሷ ቃሉን እያስቀመጥኩ። እናቴ አየችኝ። በዚያ ዓመት እንደዚያ አይታኝ አታውቅም። ዓይኗን ከፊቴ ሳትነቅል፣ ሌላ ምንም ነገር ዓለም ላይ እንደሌለ ሆና ነው ያየችኝ። "ትክክል" አለች። ሌላ ልጅ መለሰ፣ እኔ ደገምኩ፣ እናቴ አየችኝ። ሌላ መለሰ፣ ደገምኩ። ያ ክፍለ ጊዜ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ። ሌላ ቀን ሁሉ ቀርቶ ያን ቀን ብቻ መልሰው ቢሰጡኝ አሁንም ሄጄ እዚያው እቆም ነበር።

እናቴ ዞራ ሰሌዳው ላይ መጻፍ ጀመረች። እኛ ትንፍሽ አላልንም። ሱፐርቫይዘሩ ግን ከኋላ ሆኖ "መምህርት፣ መልስ የሚደገመው ለምንድን ነው?" አለ።

ሠላሳ ልጅ ክው አለ። ሰሌዳ እየተጻፈ! ትልቅ ሰው፣ ከቢሮ የመጣ ሰው፣ ሥርዓተ ትምህርቱን አያውቅም። እናቴ መጻፏን ቀጠለች። እሰይ አልኩ በልቤ፤ ይበለው። ሰውየው ድምፁን ከፍ አድርጎ እንደገና ጠየቀ። እናቴ ጠመኔዋን ከሰሌዳው አላነሳችም። የፊት ወንበር ልጆች አፋቸውን ይዘው መሳቅ ጀመሩ። ያኔ እናቴ ጽፋ ጨረሰችና ዞረች፣ ፊታችንን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቃኘች፣ የሆነ ነገር እንዳለ ገባት። ወደ እኔ አየች። እኔም በኩራት ፈገግ አልኩላት። ፈገግታዬን አይታ ደህና ነው ማለት ነው ብላ ትምህርቷን ቀጠለች።

ሱፐርቫይዘሩ ተነሳ። በመሀላችን አልፎ ሰሌዳው ጋ ደረሰና ከእናቴ ፊት ለፊት ቆመ። ጥያቄውን ለሦስተኛ ጊዜ ጠየቀ፣ በዝግታ፣ አፉን እየከፈተ። እናቴ ዓይኗን ከንፈሩ ላይ ተክላ ሰማችውና ሁሉም ልጅ እንዲሰማው ነው አለች። ሰውየው አመሰገናት። በሁለት እጁ እጇን ያዘና ጎንበስ አለ። እኛ ይቅርታ ጠየቃት ብለን በእረፍት ሰዓት ለትምህርት ቤቱ ሁሉ አወራን፤ እናቴ ሱፐርቫይዘር ያንበረከከች አስተማሪ ሆነች። ሰውየው በዚያች ቅጽበት ሁሉንም አውቆ ነበር። እናቴም እንዳወቀባት አውቃለች። ምሳ ሰዓት ላይ እኔ ስፎክር እሷ ቤተ ሙከራ ውስጥ በሯን ዘግታ ተቀምጣለች።

ከሰዓት በኋላ በርዕሰ መምህሩ ቢሮ መስኮት ስር ነበርኩ። የማሚቶ ጎርናና ድምፅ እስከ ውጭ ይሰማል። እስካሁን ምን ጎደለ፣ ውጤታቸውን እዩ፣ በዚህ ትምህርት ቤት በትክክል በጥንድ የምናስተምር እኛ ብቻ ነን እያለች ትሟገታለች። ሱፐርቫይዘሩ ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር። ውጤቱን አይቻለሁ፣ እንደዚህ ያለ ክፍልም አላየሁም አለ። ቀጥሎ "ግን ከኋላ አንድ ልጅ ታሞ ቢወድቅ፣ ቢጣራ፣ ማን ይሰማዋል?" ብሎ ጠየቃት።

"እኔ አለሁ" አለች ማሚቶ። "ክፍሉ የሁለታችን ነው።"

"ዛሬ የት ነበሩ?"

ማሚቶ ቦታዋን ትታ በመሄዷ እየተገሠጸች ነው ብዬ በእግሬ ጣት እየዘለልኩ ወደ ክፍል ተመለስኩ። ዛሬ እኔም በስብሰባ ላይ የሰውየውን ወንበር ይዤ ያንኑ ጥያቄ ጠይቄ አውቃለሁ።

የውሃ ምዕራፍ ሲያልቅ እናቴ እጅጌዋን አራግፋ ፊታችን ቆመች። ከሰኞ ጀምሮ ከእኛ ጋር እንደማትሆን፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ የትምህርት መርጃ መሣሪያ እንደምታዘጋጅ፣ ቀጣዩን ምዕራፍ ቲቸር ብቻዋን እንደምታስተምረን ነገረችን። ቲቸር ያለቻት ማሚቶን ነው። ከኋላ ሸምበቆ እጁን አወጣ፣ እናቴ እስክታየው ጠበቀ፣ ተነሳ።

"ለምን ቲቸር?" አለ።

እናቴ ወደ ማሚቶ አየች። ማሚቶ አፏን ከፈተች፤ ቃል ግን አልወጣም። ዓመቱን ሙሉ የሁላችንንም ቃል የደገመች ሴት ያቺን ጥያቄ መድገም አቃታት። እናቴ አፏ አፏን እያየች ጠበቀቻት። ማሚቶ ወደ መስኮቱ ዞረች። ሸምበቆ እንደቆመ ደወል ተደወለ።

ሰረቀችና አፈረች፤ እኔ ያየሁት ይሄን ነው። ቤት እስክደርስ ቋጥሬ የያዝኩት ነገር ሊፈነዳ ደርሷል። እናቴ ልብስ እያጣጠፈች ነበር፣ ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ። ቦርሳዬን ወለሉ ላይ ወረወርኩና ለምን ዝም ትያታለሽ አልኳት። ክፍልሽን ወሰደችብሽ፣ አንቺ ደግሞ ትስቂላታለሽ፣ እኔን እንደሆነ ከነመፈጠሬም ረስተሽኛል። ድምፄ እስኪዘጋ ጮህኩ። እናቴ ሸሚዙን ሁለት አጠፈችው፣ እንደገና አጠፈችው፣ ክምሩ ላይ አስቀመጠችውና ሌላ አነሳች።

አክስቴ ከጓዳ ወጣች። ትጮህብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። እሷ ግን ትከሻዬን ይዛ፣ ሰምቼባት በማላውቀው ቀስ ያለ ድምፅ "ከጀርባዋ አትጩሂ፤ ከፊቷ ቁሚ" አለችኝ።

ዞሬ ቆምኩ። እናቴ ፊቴን ስታይ ሸሚዙ ከእጇ ወደቀ። መቼ እንደመጣሁ ጠየቀችኝ። ለምን እንደማለቅስ ጠየቀችኝ። ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ዓመቱን ሙሉ ከካውያው ኋላ ቆሜ ያወራሁት ወሬ ሁሉ አንድም ሳይደርሳት ነበር የቀረው።

"ክፍልሽን ወሰደችብሽ" አልኳት፣ አሁን በዝግታ።

"አልወሰደችብኝም" አለች። "ይዛልኝ ነው የቆየችው።"

ለእኔ ለምን እንዳልነገረችኝ ጠየቅኳት። ለአክስትሽ መንገር ቀላል ነበር፣ ለቲቸርሽም ቀላል ነበር፤ ላንቺ ከነገርኩሽ ግን ድምፅሽን ማጣቴ እርግጥ ሊሆንብኝ ነው፤ እሱን ፈራሁ አለች። ከዚያ ክምሩን ልብስ ወደ ጎን ገፋችና መስኮቱ አጠገብ ወንበር ስባ አስቀመጠችኝ፣ ሌላ ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። አገጬን በጣቷ ቀና አደረገችው።

"በይ ንገሪኝ" አለች። "ትምህርት ከተከፈተ ጀምሮ ያልሰማሁትን ሁሉ።"

ከሒሳብ ውጤቴ ጀመርኩ። ከጎኔ የምትቀመጠው ልጅ ለምን እንደተጣላችኝና እንዴት እንደታረቅን፣ ሸምበቆ ፈተና ላይ ምን እንዳደረገ፣ መንጋጋዬን አሞኝ ማንም ሳያውቅ እንዴት እንዳደርኩ፣ ማሚቶን ምን ምን እንዳልኳት። እናቴ ዓይኗ ከአፌ አልተነቀለም። በማይረባው ሁሉ ሳቀች፤ ስለ መንጋጋዬ ስነግራት ጉንጬን ዳበሰችው። እናቴ ካረፈች ቆይቷል፤ አሁን ደግሞ የምነግራት ነገር ተከማችቶብኛል፣ ስለ ሥራዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለዚያ ክፍል። ሰው ሁሉ ይሰማኛል። እንደ እሷ አድርጎ የሚሰማኝ ግን አላገኘሁም።

መሸ። አክስቴ ጓዳ ውስጥ ሥራዋን ትሠራለች። እኔ ወሬዬ ጥሞኝ አልተውኩም፤ ገና መሀሉ ላይ ነበርኩ። እናቴ ወደ እኔ ጠጋ አለች፣ እንደገና ጠጋ አለች፣ ከዚያ እጇን ጉልበቴ ላይ አሳረፈች።

"መብራቱን አብሪው የኔ ልጅ" አለችኝ፤ "አልሰማሽም።"

ተነስቼ አበራሁና ካቆምኩበት ቀጠልኩ።